ለሁለት ስንዝር ዋርካ ሸክላና በርጩማ

ሮቤ ከተማ ውስጥ ዋርካ ከመኝታ ቤቱ የሚያሳድር ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አቶ አቤሴሎም ናቸው። ዋርካ ሲባል ገበያተኛ የሚያስጠልል ትልቅ ዛፍ የሚታየው ሰው ይሳቅ እንጂ ምን ይደረጋል? የእሳቸው ዋርካ ሁለት ስንዝር ነው። ያውም በእሳቸው ስንዝር ሳይሆን በባለቤታቸው በወይዘሮ ሠርከአዲስ ስንዝር። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ሲከረክሙት፣ ሥሩን ሲቀንሱለት፣ ቅርንጫፉን በቀጭን ሽቦ ሲጠመዝዙት ኖረው፣ ይኸው እንደታሰበው ሳያድግ ቀረ።

አቶ አቤሴሎም ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሥራቸው ፋይል ከዚህ መደርደሪያ አንስቶ እዚያ መደርደሪያ ላይ ማኖር ነበር። ሰው ስለ ዛፉ ሲጠይቃቸው፣ «እኔ አንድን ነገር እንዳይጠፋም እንዳያድግም አድርጌ ማስቀመጥ የምችል ሰው ነኝ፤ ይኼ ደግሞ ትንሽ ሙያ እንዳይመስልህ» ይላሉ። ይህን ሲሉ ሰው ይስቃል። እሳቸውም አብረው ይስቃሉ፤ ሆዳቸው ግን አይስቅም።

ዛፉ የመጣው አንገቱ ከምትባል የቆላ ከተማ መንገድ ነው። የዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት ለመስክ ሥራ ወደ አንገቱ ሲወርዱ የስምንት ዓመት ልጃቸውን አዜብን ይዘዋት ሄደው ነበር። መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ ጎማ ሲቀይር አዜብ ከድልድይ ግንብ ስንጥቅ ውስጥ ሁለት ቅጠል ያላት ችግኝ ነቅላ መጣችና፣ «አባዬ፣ ይቺን እንውሰዳት፤ ግንቡ ጠቧታል» አለቻቸው። መንገዱን ሙሉ በመዳፏ ይዛት መጣች። ሮቤ ሲደርሱ በባዶ የወተት ጣሳ ተከሏት፣ በሳምንቱም አዜብ ረሳቻት። የስምንት ዓመት ልጅ ናት፣ ምን ይፈረድባታል! አቶ አቤሴሎም ግን አልረሱም። ልጅቷ «ችግኜስ?» ብላ የጠየቀች ቀን ሊያስደንቋት እያሰቡ ውሃ ሲያጠጡ፣ ልጅቷም ሳትጠይቅ፣ ጣሳው በጣሳ ሲለወጥ ዓመቱ ነጎደ። አዜብ ዛሬ አባቷ ከሆነ ችግኝ ጣቢያ ያመጡት የጡረታ ጨዋታ ይመስላታል። እሳቸውም አልነገሯትም። ሳይጠየቁ መናገር መለመን መሰላቸው።

ቦንሳይ የሚለውን ቃል የነገራቸው አንድ ወጣት የግብርና ባለሙያ ነው። ስልኩን ከፍቶ በጃፓን አገር በሳህን ላይ የሚያድጉ ሽማግሌ ዛፎች አሳያቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ አቶ አቤሴሎም ዛፉን ቦንሳይ ሊያስብሉት ሞከሩ። ሰፈሩ ግን አልተዋቸውም። ጠዋት ሲያገኛቸው፣ «ዋርካው እንዴት አደረ?» ነው የሚላቸው። ማደሩ እውነት ነው። የሮቤ ውርጭ ለቆላ ዛፍ ስለማይምር፣ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ አንስተው ከአልጋቸው ራስጌ ያስቀምጡታል። «እኔን ሲበርደኝ ጋቢ የሚደርብልኝ የለም» ይላሉ ወይዘሮ ሠርከአዲስ፣ «ዛፉ ግን ብርድ ልብስ ሊገዛለት ነው።»

እንግዲህ ይህ ሁሉ ክብር ያለው ዛፍ የተተከለው በምን ውስጥ ነው ቢባል፣ በቢጫ የዘይት ጀሪካን ውስጥ ነው። በቢላዋ ለሁለት የተቆረጠ፣ ጎኑ ላይ የፋብሪካው ጽሑፍ ያለቀቀ ጀሪካን። ለአቶ አቤሴሎም ለራሳቸው ጀሪካኑ ይበቃ ነበር።

አዜብ ጎባ ውስጥ ነርስ ናት። በአንድ ቅዳሜ መጥታ ከእናቷ ጋር ጓዳ ሲንሾካሾኩ ቆዩና ወጥታ አባቷ ፊት ቁጭ አለች።

«አባዬ፣ ሽማግሌ ሊላክ ነው» አለች፣ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ።

ልጁ ኢፋ ይባላል፤ የአጋርፋ ልጅ ነው። ምግባረ ጥሩ፣ የቤተ ክርስቲያን ልጅ፣ ከእሷው ጋር የሚሠራ። ይህ ሁሉ ደስ ይላል። ያስደነገጣቸው የአባቱ ነገር ነው። ኦቦ ረጋሳ ሁለት የአጨዳ ኮምባይነር ያላቸው የስንዴ ገበሬ ናቸው! አቶ አቤሴሎም አንድ ኮምባይነር እንኳ በቅርብ ያዩት መንገድ ዘግቶባቸው ነው። ቀና ብለው ሳሎናቸውን አዩት። ሰው የሚውጠው ሶፋ፣ ከቆመ ሁለት ዓመት ያለፈው የግድግዳ ሰዓት፣ የአዜብ የምረቃ ፎቶ። ነገ እነዚያ ሰዎች ወጥተው «ልጅቷስ ደህና ናት፤ አባትየው ግን እዚህ ግባ የሚባል ሰው አይደለም» ቢሉስ? ልጃቸው በሰው ቤት አንገቷን ደፍታ ብትኖርስ?

«አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ» አለች አዜብ። «ያንን ጀሪካን ለዕለቱ ጓሮ አድርግልኝ። ስለ ዛፉም ብዙ አታውራ፣ እሺ አባዬ?»

«ምን ችግር አለ! ጀሪካኑ ይወጣል» አሉ አቶ አቤሴሎም።

ከዚህ ሁሉ ንግግር የሰሙት ጀሪካን የሚለውን ብቻ ነው። በዚያች ደቂቃ ልባቸው ውስጥ ነገሩ ተቆርጦ አለቀ። ዋርካው እውነተኛ ሸክላና እውነተኛ መቆሚያ ይገዛለታል፤ ሳሎን መሃል ይቀመጣል፤ ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ዓይናቸው እሱ ላይ ያርፋል፤ «ይኼ ምንድነው?» ይላሉ፤ እሳቸውም ጉሮሯቸውን ጠርገው ይናገራሉ። ኮምባይነር ማን የለውም? የአሥራ ሰባት ዓመት ዋርካ በሸክላ ያለው ግን አጋርፋም ዲንሾም ተፈልጎ አይገኝም። ሦስት ሳምንት ቀርቷቸዋል።

መጀመሪያ ጎባ ሄደው ከአንድ ሱቅ የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ የአበባ ማስቀመጫ ገዙ፤ ወርቃማ አበባ የተሳለበት። ዛፉን አጠገቡ አቁመው ሲያዩት፣ ለሰርግ ሱፍ ተውሶ እንደመጣ ሰው ሆነባቸው። ደግሞ ያ ሰው ማን እንደሆነ ያውቁታል፤ በራሳቸው ሰርግ ዕለት እጅጌው ጣታቸውን የሸፈነ ኮት ለብሰው ፎቶ ተነስተዋል። በማግስቱ ዕቃውን መለሱ።

ስልካቸው ላይ ያነበቡት ምክር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። የሸክላው ርዝመት የዛፉን ቁመት ሁለት ሦስተኛ፣ ጥልቀቱ የግንዱን ውፍረት ያህል ይሁን ይላል። የባለቤታቸውን የልብስ ሜትር ወስደው ለኩ። ግንዱ ሁለት አውራ ጣት ነው። ሁለት አውራ ጣት ጥልቀት ያለው ሸክላማ ምጣድ ነው እንግዲህ! ተናደዱና አራት ጣት አደረጉት። ጃፓኖቹ ይቅር ይበሏቸው።

አዴ ሙሉካ በሮቤ ገበያ ጥግ ሸክላ የሚሸጡ፣ እጃቸው የተመሰገነ ሴት ናቸው። ገዢ ሸክላ ሲያነሳ ተቀብለው በጣታቸው መታ መታ ያደርጉታል። ድምፁ ጥርት ካለ ይሸጡታል፤ ካልጠራ ቢለምኗቸውም አይሰጡም። አቶ አቤሴሎም በገበያ ቀን ፊታቸው ቆሙ።

«አካም ጂርቱ፣ አዴ ሙሉካ?» አሉ፣ በኦሮምኛ ሰላምታ።

«ነጋ፣ ሰላም ነው አቶ አቤሴሎም። ድስት ነው ወጭት?»

«ወጭት መሳይ ነው። ሰፋ ያለ፣ ዝቅ ያለ። ከሥሩ ደግሞ ቀዳዳ ያለው።»

«ምን ያለው?»

«ቀዳዳ።»

አዴ ሙሉካ ጎረቤት ሻጮች ሰምተው እንደሆነ ግራና ቀኝ አዩ። «ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ እባክዎ» አሉ። «ሠላሳ ዓመት ሸክላ ስሠራ፣ ወላሂ፣ አንድ ሰው ‹ሙሉካ ቀዳዳ ሸጠችልኝ› ብሎ አያውቅም። ዛሬ እርስዎ በአደባባይ ቀዳዳ ስጪኝ ይሉኛል?»

አቶ አቤሴሎም ስለ ውሃ፣ ስለ ሥር መበስበስ፣ ስለ አየር አስረዱ። ውሃው መውጫ ካላገኘ ዛፉ ይሞታል አሉ።

«የምን ዛፍ?»

«ዋርካ።»

«ዋርካ? እዚህ ውስጥ?» አዴ ሙሉካ ሁለት መዳፋቸውን ገጥመው የወጭቷን ልክ አሳዩ። ከዚያ ትክ ብለው አዩዋቸውና ድምፃቸውን አለስልሰው፣ «አላህ ያሽርዎት» አሉ።

ብቻ እሺ አሉ። ሰው ታሞ ሲለምን እምቢ አይባልም። ውሉ ግን ከባድ ነበር። ሸክላው ገበያ አይወጣም፤ እቤታቸው ሄደው ይወስዱታል፤ በማዳበሪያ ከረጢት ይሸፍኑታል፤ የማን እጅ ነው ቢባሉ አላውቅም ይላሉ። አቶ አቤሴሎምም በአሥረኛው ቀን ሄደው ተቀበሉ። ሸክላው ቡናማ፣ ጠርዙ ለስላሳ፣ እግሩ ዝቅ ያለ፣ እንዲያው የሚያምር ነገር ነው። ቀዳዳው መሃል ላይ በጣት ልክ ተበስቷል። ከረጢቱን ብብታቸው ሥር ወትፈው፣ የሰረቁ ይመስል በጓሮ መንገድ ቤታቸው ገቡ። መንገድ ላይ ሦስት ሰው ምን እንደያዙ ጠየቃቸው፤ ለአንዱ ድንች፣ ለአንዱ ዳቦ፣ ለሦስተኛው ምንም አሉት። በስድሳ አንድ ዓመታቸው።

ወይዘሮ ሠርከአዲስ ሸክላውን ገና ሲያዩት፣ «ላሟሽልህ?» ብለው ዘይት ሊቀቡት ተነሱ። አዲስ ሸክላ ሳይሟሽ አይውልም፤ ከእናታቸው የተማሩት ነው። አቶ አቤሴሎም ሸክላውን እንደ ሕፃን አቅፈው ወደ ኋላ ሸሹ። ያን ዕለት ተረፈ።

ቀጥሎ መቆሚያው ነው። ለዚህ ዛፉ ራሱ መሄድ ነበረበት። ሳይለካማ እንዴት ይሆናል? ከጀሪካኑ ወደ አዲሱ ሸክላ አዛውረው፣ ከነሸክላው ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በሚኒባስ ወደ ጎባ ሄዱ። ከጎናቸው የተቀመጠች ሴት፣ «አባባ፣ የት ሊተክሉት ነው?» ብትላቸው ሳያስቡት፣ «ልተክለው አይደለም፤ ወንበር ልገዛለት ነው» አሉ። ሚኒባሱ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም ሳቁ። ካሰቡት ደግሞ ውሸት አልተናገሩም።

አናጺው ፊሮምሳ በጎባ የታወቀ ልጅ ነው፤ ትሁት፣ ትዕግሥተኛ። መጀመሪያ ባለመስታወት የቴሌቪዥን ማስቀመጫ አሳያቸው። ዛፉን ላዩ ሲያኖሩት ዜና ሊያነብ የቀረበ መሰለ። ቀጭን የብረት መቆሚያ ሞከሩ፤ ተንቀጠቀጠ። ባለፈው እሑድ ቅዳሴ ላይ ሳሉ ዓይናቸው የመጽሐፍ ማንበቢያው አትሮንስ ላይ አርፎ፣ ቁመቱ ልክ ነው እኮ ብለው በሐሳባቸው ሲለኩ ራሳቸውን ያዙትና፣ «አቤቱ ማረኝ» ብለው ነበር። ያንን ለፊሮምሳ አልነገሩትም።

ተስፋ ቆርጠው ሊወጡ ሲሉ ከጣውላ ክምር ሥር አንድ በርጩማ አዩ። ከአንድ የዋንዛ ግንድ የተፈለፈለ፣ ባለ ሦስት እግር፣ በመቀመጥ ብዛት የወዛ።

«ይቺ የማናት?»

«የአንድ ሽማግሌ ናት ጋሼ። እግሯን አድስልኝ ብለው ሰጡኝ፤ ሳይወስዷት አረፉ። ልጆቻቸውም ፕላስቲክ ወንበር አለን ብለው ትተዋት ሄዱ።»

ዋርካውን ላዩ አስቀመጡት። ኧረ በስመ አብ! እዚያው የበቀለ መሰለ። ጥቁሩ እንጨት፣ ቡናማው ሸክላ፣ አረንጓዴው ቅጠል። አቶ አቤሴሎም ወደ ኋላ ሄደው አዩት፣ ቁጢጥ ብለው አዩት፣ መነጽራቸውን አውልቀውም አዩት። ዕንባ ዕንባ አላቸው።

«ጋሼ፣ አያቴ ቢያዩዎት ይቆጡ ነበር» አለ ፊሮምሳ ቀስ ብሎ። «በርጩማ እኮ ሰው ሊቀመጥበት ነው።»

«አሥራ ሰባት ዓመት ቆሞ ደክሞታል፤ ይቀመጥበት» ብለው ከፍለው ወጡ።

ሽማግሌዎቹ የሚመጡት እሑድ ነው። ቅዳሜ ዕለት ወይዘሮ ሠርከአዲስ ለእንግዳ ብቻ የሚወጣውን ምንጣፍ ሳሎን ላይ ዘረጉ። ዞር ብለው ሲያዩ ከሸክላው ሥር ውሃ በርጩማው ላይ፣ ከበርጩማው ምንጣፉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ሸክላውን ዘንበል አድርገው ሥሩን በጣታቸው ዳሰሱ። ቀዳዳ! ሰውዬውን ገበያ ውስጥ ተሳለቁበት፤ ቀዳዳ ሸጡለት፤ አፍሮ ነው ከረጢት ውስጥ ደብቆ ያመጣው፤ ምስኪን ብለው አዘኑ። የጧፍ ቁራጭ አሙቀው ቀዳዳውን በሰም ድፍን አደረጉት። ለባላቸውም ትንፍሽ አላሉም። የሰው ገበና ይሸፈናል እንጂ ይወራል እንዴ? አቶ አቤሴሎም ይህን የሰሙት ኋላ ነው።

እሳቸው ያን ቀን መኝታ ቤት መስታወት ፊት ቆመው ንግግር ያጠኑ ነበር። የሴት ልጅ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። «የመጣችሁበትን ሰምተናል። ጉዳዩ የአንድ ሰው ጉዳይ አይደለም። ከዘመድ እንድንመክር የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ስጡን» ይላል። አቶ አቤሴሎም ይህን ሦስት ዓይነት ድምፅ እያወጡ ሞከሩት። ሁለት ጊዜ ሊያመላልሷቸው ወስነዋል። ባለ ኮምባይነሩ ይመላለስ እንጂ!

እሑድ ማለዳ ቅጠሉ እንዲያበራ ውሃ አጠጡት። ከቅዳሴ ሲመለሱ ደገሙት። የእንግዶቹ መኪና ድምፅ ሲሰማ ደንግጠው ሠለሱት።

አራት ሽማግሌዎች ገቡ። ታላቃቸው ኦቦ ዳቢሴ ሰማንያ የደፈኑ፣ ረዥም፣ ከዘራ የያዙ፣ የኢፋ አባት አጎት ናቸው። እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ፤ እንደ ወጉ «ይሰማል፣ ቁጭ በሉ» ተብለው ተለመኑ። አቶ አቤሴሎም ወንበሮቹን ሁሉ ወደ ዋርካው አዙረው ደርድረዋቸው ነበር። ማን ያያል? አንዱ የአዜብን ፎቶ ያያል፤ አንዱ የቆመውን ሰዓት አይቶ የራሱን ሰዓት ያያል፤ ሌላው ጉልበቱን ያሻል። ዛፉን ያየ የለም። ሦስት ሳምንት ሙሉ የተለፋበት ነገር እንደ ግድግዳ ቀረ። አቶ አቤሴሎም ሆድ ባሳቸው። እንዲያው አንድ ሰው እንኳ «ይኼ ምንድነው?» ቢል ምን አለበት?

ኦቦ ዳቢሴ የክብሩ ቦታ ተብሎ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሶፋው ዋጣቸው። ጉልበታቸው አገጫቸው ዘንድ ደረሰ። አንድ ጊዜ ሊነሱ ሞከሩ፣ ሁለት ጊዜ ሞከሩ፣ በሦስተኛው ሁለት ሰው ጎትቶ አወጣቸው።

«እኔ በዚህ ነገር ላይ ሆኜ ቁም ነገር መናገር አልችልም» አሉ እየሳቁ። ዓይናቸው ጥግ ጥጉን ፈለገና በርጩማዋ ላይ አረፈ። «ያቺን ብትሰጡኝ? እንደሷ ባለ ላይ ነው ያደግሁት።»

አቶ አቤሴሎም ክው አሉ። «ከጎረቤት ወንበር ላስመጣልዎት፣ አሁኑኑ» አሉ።

«ኧረ ያቺ ትበቃኛለች።»

ሽማግሌ ቆሟል፤ ዛፍ ተቀምጧል። አቶ አቤሴሎም ወደ ጓዳው መጋረጃ ቢያዩ ከጨርቁ መሃል የአዜብን አንድ ዓይን አዩት። የሚለምን ዓይን ነው። አባዬ፣ አታዋርደኝ የሚል። ሄደው ሸክላውን በሁለት እጃቸው ያዙና አነሱት። አቤት ክብደቱ! ጠዋት እንዲህ አልነበረም ብለው ሲገርማቸው፣ ከሥሩ አንድ ነገር ዱብ አለ፤ ቀጥሎ የሦስት ጊዜ ውሃ ከነጭቃው በአዲሱ ግራጫ ሱሪያቸው ላይ ወረደ።

«ወይኔ፣ የጧፉ ሰም!» አሉ ወይዘሮ ሠርከአዲስ ከመጋረጃው ኋላ።

አንደኛው ሽማግሌ ኮርኒሱን መቁጠር ጀመሩ። አቶ አቤሴሎም ሸክላውን አቅፈው፣ ከወገብ በታች ረጥበው፣ የጫማቸው ውስጥ ቀዝቅዞ ቆሙ። በሕይወታቸው ብዙ ጊዜ አፍረዋል፤ እንዲህ ግን ተመልካች ደርድረው፣ ወንበሩን ራሳቸው አዙረው አፍረው አያውቁም። ቀስ ብለው ሸክላውን ምንጣፉ ላይ አኖሩት። በርጩማዋን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው ለኦቦ ዳቢሴ አቀረቡ። የሚደበቅ ነገር ስላልቀረ አፋቸው ተከፈተ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ አባቶቼ። ይኼ ዋርካ ነው፤ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። እናንተ ማሳ ያላችሁ ሰዎች ናችሁ፤ እኔ የማሳያችሁ ያለኝ ይቺ ብቻ ናት። ትንሽ ሰው ሆኜ እንዳልታያችሁ ብዬ ሦስት ሳምንት ሸክላና መቆሚያ ስመርጥ ከረምሁ። ልጄ በእኔ ምክንያት እንዳትናቅ ፈርቼ ነው። ይኸው እንዴት ሆኜ እንደታየኋችሁ!»

ኦቦ ዳቢሴ በርጩማዋ ላይ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ልክ ገባ። ከዘራቸውን አጋደሙና ወደ ዛፉ ጎንበስ አሉ። አንዲት ቅጠል በጥፍራቸው ጫር ሲያደርጉ ነጭ ወተት ጠብ አለች። ጣታቸውን አፍንጫቸው ድረስ አመጡት።

«ኩን ቂልጡዳ!» አሉ፤ ቂልጡ በእነሱ ቋንቋ ዋርካ ነው። «እውነትም ዋርካ! እናንተ፣ ኑ እዩ እንጂ፣ ቂልጡ እኮ ነው!»

ሦስቱም ተነስተው ምንጣፉ ዙሪያ ጎንበስ አሉ። አንዱ ግንዱን ነካ፣ አንዱ ሥሩን፣ አንዱ በስልኩ ፎቶ አነሳ።

«የእኛ ሰፈር ቂልጡ ሥር ነበር አባቴ ሽማግሌ ሰብስቦ ሚስት ሊያጭልኝ የላከው» አሉ ኦቦ ዳቢሴ። «መንገዱ ሲሰፋ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ቆርቆሮ ሥር ነው የምንነጋገረው፤ ቆርቆሮ ደግሞ ሲዘንብ አያስደማምጥም።» ቀና አሉ። «ማነው የተከለው?»

አቶ አቤሴሎም ለዚህ ጥያቄ ሦስት ሳምንት ተዘጋጅተው ነበር። ጃፓን የሚባል አገር አለ ብለው ሊጀምሩ ነበር። አሁን ግን አልመጣላቸውም።

«ልጄ ናት» አሉ። «አዜብ። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች ከአንገቱ መንገድ፣ ከድልድይ ግንብ ነቅላ አመጣቻት። ግንቡ ጠቧታል አለችኝ። እኔ የተከልሁት ነገር የለም፤ መጥታ እስክትጠይቀኝ ጠበቅሁላት እንጂ። ረስታታለች መሰለኝ።»

መጋረጃው ንቅንቅ አለ።

«እንግዲያው ጉዳያችንን እዚሁ ጥላው ሥር እንናገር» አሉ ኦቦ ዳቢሴ። የመስኮቱ ፀሐይ ዛፉ ላይ ወድቆ ነበር፤ ጥላው የሽማግሌውን አንድ ጫማ ብቻ ሸፈነ። እሳቸው ግን ያንን እግር ሳያንቀሳቅሱ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ተናገሩ። «ልጃችን ኢፋ ልጅዎን ወዷል። ልጅዎን ለልጃችን፣ እኛንም ለቤትዎ ዘመድ እንዲያደርጉን መጥተናል።»

አሁን ንግግሩ ነው። የመጣችሁበትን ሰምተናል፣ ጉዳዩ የአንድ ሰው ጉዳይ አይደለም፣ ቀጠሮ። አቶ አቤሴሎም ያችን ጥላ ውስጥ የገባች ጫማ እያዩ፣ «እሺ» አሉ።

ጓዳ ውስጥ ወይዘሮ ሠርከአዲስ አጥብቀው ሳሉ። በመጀመሪያው ቀን! ሳይለመን! አቶ አቤሴሎም ሳሉን ሰሙት፤ ግን ቃል ወጥቷል። ሽማግሌዎቹም ደንግጠዋል፤ ለሦስት ጊዜ ምልልስ ተዘጋጅተው የመጡ ሰዎች በአንድ እሺ ሥራ ፈት ሆኑ።

ኦቦ ዳቢሴ ጢማቸውን እያሻሹ ፈገግ አሉ። «ካልንስ አይቀር፣ ልጅቷ የተከለቻትን ዛፍም ይዛ ትምጣ። የወደቀውን ይተካልናል።»

አቶ አቤሴሎም ወደ ዛፉ አዩ፣ ወደ መጋረጃው አዩ። አንገታቸውን አቀኑ። የረጠበ ሱሪያቸው እግራቸው ላይ ተጣብቋል። ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ መስታወት ፊት ያጠኑትን ከዳር እስከ ዳር አወረዱት።

«የመጣችሁበትን ሰምተናል። ይኼ ግን የአንድ ሰው ጉዳይ አይደለም። ከዘመድ እንድንመክርበት የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ስጡን።»

ሽማግሌዎቹ በሳቅ ወደቁ። ኦቦ ዳቢሴ ከበርጩማዋ ሊንሸራተቱ ሲሉ ከዘራቸውን ያዙ። አቶ አቤሴሎምም መሳቅ ጀምረው ነበር፤ መሃል ላይ ግን ሳቃቸው አልታዘዝ አላቸው። ልጄን ሰጥቼ ለዛፍ ቀጠሮ ያዝሁ አሉ በሆዳቸው። ነገ ጠዋት ከራስጌያቸው የሚያነሱት ነገር ይኖራል፤ ከጎባ መጥታ «አባዬ» የምትላቸው ግን ቤቷ ሌላ ሊሆን ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህንን አላሰቡትም ነበር። ሸክላ ይመርጡ ነበር።

መጋረጃው ተገለጠ። ሽማግሌ ፊት መውጣት የማይገባት ልጅ ወጣች። ማንንም ሳታይ መጥታ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከችና የፈሰሰውን አፈር በመዳፏ እየሰበሰበች ወደ ሸክላው መመለስ ጀመረች። ጉንጯ ረጥቧል።

«አባዬ» አለች ቀና ሳትል፣ «ያቺ ግንቡ የጠበባት ናት?»

«ታዲያ ሌላ ማን ልትሆን ነው?» አሉ አቶ አቤሴሎም፣ እሳቸውም በረጠበ ሱሪያቸው አጠገቧ ተንበርክከው አፈሩን ማገዝ ጀመሩ።